«የማን ልጅ ነሽ?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው ክረምት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጥቂት ልጆች ከመምህራን ጋር ሆነን ለአገልግሎት ጃማይካ ሄደን ነበር። የገጠመኝን ስናገር ሰው አያምነኝም። ከአዲስ አበባ ስንነሣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የብቸና ልጅ ሆና ተገኘች፤ ይባስ ብሎ ወንድሟ ተማሪ እያለ እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ኪንግስተን ደርሰን ከተቀበሉን ሰዎች ጋር አርባ ያህል ሆነን ማዕድ ስንቀርብ፣ ከመካከላችን ሁለቱ የተወለዱበት ቀን አንድ ሆነ። እሱስ ይሁን። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝና ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል የደበዘዘ ፎቶ አወጡ። ጥምጥም ያሰሩ ቄስ መቋሚያ ይዘው፣ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች። ከጀርባው በእስክሪብቶ ስማቸውና «ዘዲማ» የሚል ተጽፏል። የአያቴ ወንድም ናቸው! እዚሁ ጎጃም ዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ወሬያቸው የጠፋው። አብረውኝ የሄዱት «ምልክት ነው፣ ሥራሽን ትተሽ እዚያው አገልግይ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «አርፈሽ ተቀመጪ» ባይ ናት። እርስዎ ምን ይላሉ? ምልክት ነው ወይስ እንዲያው ግጥምጥሞሽ?
የዲማው ቄስ ዘመድ

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። የልደቱ ነገር ብዙ አያስደንቅሽ። 23 ሰው በተሰበሰበበት ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፤ ሰዉ አርባ ሲሆን 89 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚተያይ ነው፣ በአርባ ሰው መካከል 780 ጥንድ አለ። (በዚያ ላይ ፓስፖርት ስናወጣ የልደት ቀናችንን ደስ እንዳለን የሞላን ስንት አለን!)

የብቸናዋም ሴት እንደዚያው ናት። ከአዲስ አበባ በተነሣ አውሮፕላን አጠገብሽ የአገርሽ ሰው መቀመጡ ምን ይገርማል? የጎጃም ሰው ደግሞ «አገርሽ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነሽ?» ሳይል እንቅልፍ አይወስደውም፤ አንድ ዘመድ ወይ አንድ ጎረቤት እስኪያገኝ ይቆፍራል። ስትመለሺ አጠገብሽ ስለተቀመጠው ሰው ግን አንድም ቃል አልጻፍሽልኝም። ያልገጠመውን ማን ይቆጥራል?

ፎቶው ግን ሌላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ራስ ተፈሪያውያን አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቀውት ነበር። በፈረንጆቹ 1970 ደግሞ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ቤተ ክርስቲያን ሊተክሉ ወደዚያው ሄዱ። ቦብ ማርሊን በፈረንጆቹ 1980 ያጠመቁትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ቀዳሽ ይፈለጋል፣ ቀዳሽ የሚገኘው ደግሞ ካህናት ከሚሠለጥኑበት ከአብነት ትምህርት ቤት ነው። የአብነት ተማሪ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቅኔውን ዋሸራ ወይ ጎንጅ ወይ ዲማ ይቀኛል፣ ለድጓው ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ኮሮጆውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደብር ደብር ይዞራል። ሁለት መሪጌቶች በተገናኙ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የማን ተማሪ ነህ?» ብለው ነው፣ ብዙ ሳይሄዱ የጋራ መምህር ያገኛሉ።

ስለዚህ አንቺ የሄድሽው ሁለት ሚሊዮን ከምናምን ወደሆነው የጃማይካ ሕዝብ ሁሉ አይደለም። ወደ አንድ ቅጥር ነው የሄድሽው፣ የአያትሽም ወንድም ወደዚያው። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል አሜሪካዊ ዓለም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ለማየት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ደብዳቤዎችን በሚተዋወቁ ሰዎች እጅ ብቻ እያስተላለፈ ለአንድ የማይታወቅ ሰው ለማድረስ ሞክሮ ነበር፤ የደረሱት በአማካይ አምስት ያህል ሰው ብቻ ነው ያለፉት። አብዛኞቹ መንገድ ላይ መቅረታቸውን ግን ማንም አያወራም። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ሴትዮዋ ያንን ፎቶ ይህን ሁሉ ዘመን ማስቀመጣቸው ነው።

ምልክት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። ግጥምጥሞሽ ነው ስልም እግዚአብሔር የለበትም ማለቴ አይደለም። ሥራ መልቀቅ ግን በፎቶ አይወሰንም። ደብሩ ጠርቶሻል? ቪዛውስ፣ ቀለቡስ? ፎቶውን ባታዪ ኖሮ ትሄጂ ነበር? አልሄድም ካልሽ የእናትሽን ምክር ስሚ።

አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። አያትሽ በሕይወት ካሉ ፎቶውን ዛሬውኑ አሳዪአቸውና የሚሉትን በስልክሽ ቅጂ፣ ነገ አይባልም። ወደ ኪንግስተንም ደውዪ። ሕፃኑ ማን ነው? ቄሱስ እዚያው ዐረፉ ወይስ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ? የክርስትና መዝገብ ከተያዘ ያጠመቀው ካህን ስም ሊገኝበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለአገልግሎት ካምፓላ ሄጄ «የዳንግላ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ተዋወቅሁ። ስናወራ ሦስት የጋራ ወዳጆች አገኘን፣ ጉድ ነው ተባባልን። አሁን ለንግድ ገንዘብ አበድረኝ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ የወዳጆቹን ስም ቀድሞ የጠራው ማን ነው? አንተ ስም በጠራህ ቁጥር «እንዴ፣ እሱንማ አውቀዋለሁ!» ያለህ ከሆነ፣ ግጥምጥሞሹን የሠራኸው አንተው ነህ ማለት ነው። ለሦስቱም ደውል። የየትኛው ቀበሌና የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነ ጠይቀውና ዳንግላ ያለ ዘመድህ ያጣራልህ። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝም ብድሩ በጽሑፍና በምስክር ይሁን፤ የአገር ልጅ ከሆነ አይቀየምም።