«ዘመናዊ ባርነት የለም» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ የአንድ ኩባንያ የግዢ ኃላፊ ነኝ። ዕቃችንን የሚወስድ የእንግሊዝ ደንበኛ ቅጽ ላከልን። «በድርጅታችንም ሆነ በአቅራቢዎቻችን ዘንድ ዘመናዊ ባርነት የለም» ይላል። እንድፈርም የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ወረቀት ነው፣ ፈርመህ ላክ» ይለኛል። የመጋዘን ሠራተኞቻችን ግን ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ የቀጠራቸውም ኤጀንሲ ነው። ፓስፖርታቸውን «እንዳይጠፋባቸው» ብሎ ኤጀንሲው ይዞላቸዋል፣ እነሱም ፈቅደው ፈርመዋል። ብፈርም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቅጹ እንዳለ አይፈረምም። ምክንያቱን ከፓስፖርቱ ልጀምር፤ ጥያቄዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር ዋናዋ እሷ ናት።

በሥራ ቦታ ዘመናዊ ባርነት ሲባል በዋናነት የግዳጅ ሥራ ማለት ነው። እሱን የሚተረጉመው እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) ኮንቬንሽን ቁጥር 29 ነው። ሰው ወዶ ሳይገባበት፣ ቅጣት እየተዛተበት የሚሠራው ሥራ ወይም አገልግሎት ሁሉ የግዳጅ ሥራ ነው ይላል። ሰንሰለትም ጅራፍም አልጠቀሰም። ድርጅቱ በኋላ 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶችን ዘርዝሯል። ፓስፖርትና መታወቂያ መያዝ አንዱ ነው። ደመወዝ መከልከል፣ በዕዳ ማሰር፣ ማስፈራራት፣ ልክ ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራም አሉበት። አንድ ምልክት ስለታየ ብቻ ባርነት አለ አይባልም። ምልክቱን እያዩ «የለም» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው።

«ፈቅደው ፈርመዋል» ላሉት፣ ፊርማውን ይተዉትና አንድ ነገር ይጠይቁ። ሠራተኛው እሑድ ማታ ፓስፖርቱን ቢፈልግ፣ ማንንም ሳያስፈቅድና ለምን እንደፈለገው ሳይናገር ማውጣት ይችላል? ቁልፉ በራሱ ኪስ ያለ ሣጥን ውስጥ ከሆነ በእርግጥም ጥበቃ ነው። የተቆጣጣሪው መሳቢያ ውስጥ ከሆነና ሲጠይቅ «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ከተባለ ግን መያዣ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ሠራተኞቹ ይህን ሥራ ለማግኘት ለማን ስንት ከፈሉ? ብዙ ኃላፊ ይህን አይጠይቅም፤ «ኤጀንሲውን የምንከፍለው እኛ ነን» ብሎ ያልፈዋል። ኤጀንሲ ግን ከሁለት ወገን ሊበላ ይችላል። ሰውየው ለደላላ ለመክፈል አገሩ ላይ ተበድሯል እንበል። ዕዳው ከደመወዙ እየተቆረጠ ይሄዳል። ሥራው ቢያስጠላው እንኳ ዕዳውን ሳይጨርስ መሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ተጨማሪ ስምምነት የዕዳ ባርነትን ከባርነት ጋር ከሚመሳሰሉ ድርጊቶች መድቦታል። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የአይኤልኦ ኮንቬንሽን ቁጥር 181 ደግሞ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የግል ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን እንዳያስከፍሉ ይከለክላል።

ስለዚህ የጥቂት ሠራተኞችን የደመወዝ ወረቀት ያስመጡ። ጠቅላላውን ይዝለሉና ተቀናሹን ያንብቡ። «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ካለና በየወሩ ያው ቁጥር ከተደገመ፣ ምን እንደሆነ ኤጀንሲው በጽሑፍ ያስረዳ። ከዚያ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ያነጋግሩ። ተቆጣጣሪው ባለበት ግን አይሆንም፤ አስተርጓሚውም የኤጀንሲው ሰው መሆን የለበትም። አለቃው በር ላይ ቆሞ «ሁሉም ደህና ነው» የማይል ሰው የለም።

አሁን ወደ ቅጹ። የእንግሊዝ የዘመናዊ ባርነት ሕግ እ.ኤ.አ. የ2015 ነው። አንቀጽ 54 ዓመታዊ ገቢያቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እዚያ አገር የሚነግዱ ድርጅቶች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያዛል። የሚገርመው፣ ይህ ሕግ ማንንም «የለም» በል አይልም። የሚጠይቀው ምን እርምጃ እንደወሰዱ ነው። «ምንም አልወሰድንም» ብሎ መጻፍ እንኳ ይፈቅዳል (ያን የሚያነብ ደንበኛ ምን እንደሚል ሌላ ጉዳይ ነው)። «የለም» የሚለውን ያመጣው እንግዲህ የደንበኛዎ ቅጽ ነው። አይኤልኦ ከአጋሮቹ ጋር በ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነው። ቅጽ ሲሞላ ግን ሁሉም «እኛ ጋ የለም» ይላል።

ቅጹ የውሉ አካል ከሆነ «የለም» ማለት ዋስትና መስጠት ነው። ነገ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ደንበኛው ውሉን ሊያፈርስና ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። እርስዎም የፓስፖርቱን ነገር እያወቁ ስለፈረሙ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችሉም። በግልዎ ምን ያህል እንደሚጠየቁ የሚወስነው ውሉ የሚገዛበት ሕግ ነው፤ እሱን ውሉን ሳላይ አልናገርም። ዕቃው ወደ ሌላ ገበያም ከሄደ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል የጉምሩክ ሕግ አላት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ተመሳሳይ እገዳ አጽድቋል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከታኅሣሥ 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ያደረጉትን ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «በዚህ ቀን የኤጀንሲ ሠራተኞችን አነጋግረናል። ፓስፖርት በኤጀንሲው እጅ መሆኑን አግኝተን እንዲመለስ አዘናል። ከቀጥተኛ አቅራቢዎቻችን በታች ያለውን ገና አላጣራንም።» ደንበኛው ይሸሻል ብለው አይፍሩ። ነገሩ የገባው ደንበኛ ከባዶ «የለም» ይልቅ ይህን ያምናል።

አንድ ስህተት ብቻ አይሥሩ፦ ደንግጠው ኤጀንሲውን ነገ እንዳያባርሩ። ሠራተኞቹ ሥራም አጥተው ዕዳውም አብሯቸው ይቀራል። መጀመሪያ ፓስፖርቱ ይመለስ፣ ያላግባብ የተቆረጠው ይከፈላቸው፣ ውሉ ላይ «ሠራተኛ ለቅጥር አይከፍልም» የሚል አንቀጽ ይግባ። አሻፈረኝ ካለ ያኔ ይሰናበት፤ ሠራተኞቹን በቀጥታ የምትቀጥሩበት መንገድ ግን ቀድሞ ይታሰብ። ድብደባ፣ ማገት ወይም ዛቻ ካገኙ ግን ጉዳዩ የውል ድርድር መሆኑ አበቃ፤ የሠራተኞቹን ደኅንነት አስቀድመው፣ ከእነሱ ጋር ተማክረው ለሕግ አካል ያሳውቁ።

የግዢ ኃላፊ ነዎትና ይህን ልጨምር። በመጨረሻ ሰዓት ትእዛዝ እጥፍ አድርገው፣ በዚያው ዋጋ፣ በዚያው ቀን ከጠየቁ፣ ያ ትርፍ ሰዓት ከማን እንደሚወጣ አቅራቢው አይነግርዎትም።

ለአለቃዎ የሚሉትን በቃል አይተዉት። ያዩትንና ለምን እንዳልፈረሙ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጧቸው፤ የደረሰበት ቀን ያለበትን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። ፓስፖርቶቹም ሲመለሱ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቀን ጽፎ ፈርሞ ይረከብ። ቅጹን ሲልኩ ያንን ዝርዝር ደንበኛው በጠየቀ ጊዜ ማሳየት እንዲችሉ በእጅዎ ይያዙት።