አስቀምጬዋለሁ፤ ግን አለ ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የመጡት ደብዳቤዎች ዘራቸው አንድ ነው። ሁሉም ፋይል አስቀምጧል፤ ሁሉም ልቡ አላረፈም።

ከመንገድ ዳር «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። መጀመሪያ ያስገባኋቸው ፎቶዎች ይከፈታሉ፤ የኋለኞቹ እምቢ አሉ። ቫይረስ ይሆን?

ቫይረስ አይደለም፤ ተሸውደሃል። ውስጡ ያለው ቺፕ ምናልባት 32 ጊጋ ቢሆን ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «2 ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ከሞላ በኋላ የምትጨምረው ወይ የትም አይጻፍም፣ ወይ በቀደመው ላይ ይጻፋል። ስሙና መጠኑ ግን በዝርዝሩ ላይ ይታይሃል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። የሚከፈቱትን ፎቶዎች አሁኑኑ አውጣ። ከዚያ በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው፣ በማክና በሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሸው፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። የገንዘቡን ነገር ሻጩን ጠይቀው፤ ካገኘኸው።

የዋናውና የቅጂው ፋይል መጠን እኩል ከሆነ፣ ቅጂው ደህና ነው ለማለት አይበቃም?

አይበቃም። አንዲት ቢት፣ ማለትም ፋይል ከሚሠራባቸው 0 እና 1 አንዷ፣ ብትገለበጥም መጠኑ ያው ነው።

አንድ ዲያቆን ከጎንደር አካባቢ ጽፈውልኛል። የደብራቸውን የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንስተው 9 ሺህ ያህል ምስል በሁለት ሃርድ ዲስክ ዕቃ ቤት አስቀምጠዋል። «በየዓመቱ አንድ በአንድ እየከፈትን ማየት አለብን ወይ?» ይላሉ።

የለብዎትም። ግን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ በየዓመቱ ወደ ሌላ ዲስክ እየገለበጥኩ፣ ተረጋግቼ እተኛ ነበር። በአራተኛው ዓመት ቤተሰብ ተሰብስቦ ስንከፍተው፣ መልሱ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ወደ ቅጂው ሮጥኩ። ቅጂውም ያው! ለካ ዋናው ከተበላሸ በኋላ፣ የተበላሸውን በደህናው ላይ ገልብጬበታለሁ። እህቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የሚያድነኝ ሃሽ ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አንድ ኮድ ይሰጥዎታል። ሻ-256 በሚባለው ስሌት፣ ፋይሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ኮዱ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ከምስሉ ውስጥ አንዲት ቢት ከተለወጠች ኮዱ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። የዛሬውን ኮድ ይይዛሉ፣ ከርሞ እንደገና አስልተው ያመሳክራሉ። እርስዎ ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ ኮምፒውተሩም ሲያነብ ያድራል። ቁም ጸሐፊው ገልብጦ ሲጨርስ ከዋናው ጋር እያነበቡ የሚያርሙት ለዚሁ አይደል?

በዊንዶውስ ሰቨን-ዚፕን ይጫኑ። ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ከሻ-256 ምርጫዎች ወደ ፋይል የሚጽፈውን ሲመርጡ የኮዶቹን ዝርዝር በፋይል ያወጣልዎታል። በሊኑክስ ሻ256ሰም የሚባለው ትእዛዝ አብሮ ይመጣል።

ከዚያ በፊት ግን ከየመጽሐፉ ጥቂት ጥቂት ምስል ከፍተው ይዩ። ሃሽ የሚመሰክረው ከተወሰደበት ቀን ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ቀድሞውኑ ለተበላሸ ምስል ከወሰዱለት ዕድሜ ልኩን «ልክ ነው» እያለ ይኖራል። ዝርዝሩንም ከዲስኮቹ ውጭ አንድ ቦታ ያኑሩት። ደግሞ ገልብጠው እንደጨረሱ ወዲያው አያመሳክሩ፤ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ሳይሆን ገና ሚሞሪው ላይ ካለው አንብቦ ሊሸውድዎት ይችላል። ዲስኩን በወጉ አውጥተው እንደገና ይሰኩትና ያኔ ይፈትሹ።

ኮዱ ያልገጠመውን ምስል ከሌላኛው ዲስክ ይተኩታል፤ የዚያኛውን ኮድ ካዩ በኋላ። ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ መሆናቸው ግን አልተመቸኝም። እሳት ሁለቱን አይለይም። ሦስተኛ ቅጂ ከነዝርዝሩ ለሀገረ ስብከቱ ይስጡ።

ኤምዲ5 የሚባለው የቆየ የሃሽ ስሌት ተሰብሯል ይባላል። የድሮ ዝርዝሬን ልጣለው?

አይጣሉት፤ በአጋጣሚ የመጣ ብልሽት ለመያዝ አሁንም ይሠራል። የማይታመነው ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ሰው ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቻይና ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ኤምዲ5 ያላቸው የተለያዩ ፋይሎች አሳይተዋል። በ2017 ደግሞ ጉግልና ሲደብሊውአይ የሚባለው የአምስተርዳም የምርምር ተቋም ሻ-1 የተባለውን ሌላ የቆየ ስሌት እንዲሁ አደረጉት። ለአዲሱ ዝርዝር ሻ-256ን ይጠቀሙ።

ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንዳንዴ ይከፈታል። ሌሊቱን ሙሉ ብፈትሸውስ? ፍሪዘር ያድነዋል የሚሉም አሉ።

ይንቀሉት! ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ጭንቅላት ችግር ነው፤ በሠራ ቁጥር ፋይሉ የተጻፈበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል። ፍተሻ ማለት ደግሞ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስነበብ ነው። የታመመ ሰው ድንጋይ ይሸከም እንደማለት። ፍሪዘር እርጥበት ይጨምርበታል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ዳታ ማውጣት ሥራዬ ላለ ባለሙያ ይስጡት፤ ስልክ የሚጠግነው ጎረቤትዎ አይበቃም። «እስቲ ከፍቼ ልየው» የሚልዎትን አመስግነው ይለፉ፤ ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በሌለበት ክፍል ብቻ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ወድጄ አይደለም።

ወንድሜ ከቨርጂኒያ በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ የሃሽ ኮዱ እሱ ጋ ካለው አይገጥምም። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ ቴሌግራም ጨምቆታል። እንደ ፎቶ ሲላክ ይቀነሳል፤ ለዓይን ያው ቢመስልም ሌላ ፋይል ነው። «እንደ ፋይል ላክልኝ» በይው፤ ይገጥማል።