የአንባብያን ጥያቄ፦ በኢንቴል ላይ በደንብ የሚሠራ ድራይቨር በአርም ላይ ለምን ይሳሳታል?

ጥያቄ፦ በኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው የሊኑክስ ክፍል) ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ለሚገኝ የቨርትአይኦ መሣሪያ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ለተዘጋጀ መሣሪያ) የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ እየጻፍኩ ነው። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን የሚሠራው ኮድ በአርም ሰርቨር ላይ አልፎ አልፎ የተበላሸ ዳታ ይልካል። ለመሣሪያው የማሳውቀው ሁሉንም ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉ የት ላይ እንደሚፋለስ ሊገባኝ አልቻለም።

መልስ፦ ማሳወቂያው መጨረሻ ላይ መጻፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቨርቹዋል ማሽን የመሣሪያን ሬጂስተር (ለምሳሌ ማሳወቂያው የሚጻፍበትን መቆጣጠሪያ ቦታ) ሲነካ ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ ወደ ኬቪኤም ይወጣል፤ በተለመደው አሠራር ጥያቄው ተስተናግዶ እስኪያልቅ ድረስም ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ አይሻገርም። ቨርትአይኦ ፍጥነቱን የሚያገኘው ግን ይህንን መውጣትና መግባት በመቀነስ ነው። ዲስክሪፕተሮቹም (የዳታውን አድራሻና ርዝመት የሚይዙት መዝገቦች) ሪንጉም (ሥራዎች በተራ የሚሰለፉበት ክብ ሰንጠረዥ) የሚቀመጡት ቨርቹዋል ማሽኑና እርሱን የሚያስኬደው አስተናጋጅ ማሽን በሚጋሩት ሜሞሪ ላይ ስለሆነ እነርሱን መጻፍ ማንንም አያስቆምም። ስለዚህ አስተናጋጁ ማሽን በሌላ ኮር ላይ ቀድሞ የተላከለትን ሥራ በማስተናገድ ላይ ሳለ፣ እርስዎ ገና ሳያሳውቁት፣ የሪንጉን ኢንዴክስ (ሥራዎቹ እስከየት እንደደረሱ የሚያሳየውን ቁጥር) አይቶ አዲሱን ሥራ ሊያነሣ ይችላል። አርም ደግሞ በተለያዩ አድራሻዎች ላይ የተጻፉ እሴቶች በሌላ ኮር ዘንድ ተገላብጠው እንዲታዩ ይፈቅዳል፤ ኢንዴክሱ ከ7 ወደ 8 ማለፉ ቀድሞ ሲታይ፣ መሣሪያው በዲስክሪፕተሩ ውስጥ የሚያገኘው የቀድሞውን አድራሻና ርዝመት ይሆናል። ዲስክሪፕተሩንና የሪንጉን ክፍል ከጻፉ በኋላ፣ ኢንዴክሱን ከመጨመርዎ በፊት፣ የመጻፊያ ባሪየር (ከእርሱ በፊት የተጻፈው ከእርሱ በኋላ ከሚጻፈው ቀድሞ እንዲታይ የሚያስገድድ ትእዛዝ) ማስገባት ይኖርብዎታል።

ኢንቴል በተለመደው ሜሞሪ ላይ የተጻፉትን በተጻፉበት ተራ ስለሚያሳይ ስሕተቱን ሸፍኖልዎታል። ሆኖም ከመጻፍ በኋላ የተቀመጠ ንባብ በኢንቴልም ላይ ሊቀድም ይችላል፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ይህንን ነው። ኢንዴክሱን ጽፈው፣ መሣሪያው መቀስቀስ ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ፍላጉን (መሣሪያው ይህንን የሚገልጽበትን ምልክት) ሲያነቡ፣ በመካከል ሙሉ ባሪየር (የመጻፍንም የማንበብንም ተራ የሚያስጠብቅ) ከሌለ አሮጌውን ፍላግ አይተው ማሳወቂያውን ይተዉታል። መሣሪያውም አሮጌውን ኢንዴክስ አይቶ ከተኛ፣ ሁለቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይቀራሉ፤ ምንም የስሕተት መልእክትም አይወጣም።

ለዚህ ሁሉ የሚጠቀሙበት ባሪየር የተለመደው የኤስኤምፒ (ለባለብዙ ፕሮሰሰር ማሽን የተዘጋጀው) ዓይነት እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ለነጠላ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ከርነል ያንን ባሪየር ለኮምፓይለሩ ብቻ የሚያገለግል አድርጎ ያቀለዋል፤ አስተናጋጁ ግን ብዙ ኮሮች ሊኖሩት ይችላሉ። ሊኑክስ በ2016 በወጣው 4.5 እትሙ ስማቸው በቨርት የሚጀምር ባሪየሮችን ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው ሥራውን ጨርሶ ሲመልስም፣ የተመላሹን ሪንግ ኢንዴክስ ካነበቡ በኋላ ይዘቱን ከማንበብዎ በፊት የማንበቢያ ባሪየር ያስፈልግዎታል።