መልስ፦ በኢምስ በርጩማ ላይ የቀረ ነጭ ክብ

ብርጭቆ በርጩማዬ ላይ የተወው ነጭ ክብ እንዴት ይለቃል፣ እንጨቱ ላይ ያለውን ስንጥቅስ በኮላ ልሙላው ላልከው፦ እባክህ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው! አሜሪካውያኑ ነዳፊ ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1960 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርኩ ታይም-ላይፍ ሕንፃ እንግዳ መቀበያ የነደፉት በርጩማ በቶርኖ የተቀረጸ ድፍን የዋልነት እንጨት ነው፤ በዕድሜ ያገኘው ቀለም አንዴ ከተፋቀ በቀላሉ አይመለስም።

ነጩ ክብ ላዩ ላይ ባለው ቅባት ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው። ቁጥር 0000 (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ ላይ ጥቂት የእንጨት ዘይት ጠብ አድርገህ ሳትጫን እሸው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረግ። ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ በዚህ አይለቅም። ዘይት የነካውን ጨርቅ ዘርግተህ አድርቀው፤ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል።

ስንጥቁን አትሙላው። ማሞቂያ ያደረቀው እንጨት ይኮማተራል፤ እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ሲያብጥ የደረቀው ኮላ ስንጥቁ እንዳይገጥም ያግደዋል። ከማሞቂያው አርቀህ ጠብቅ። እስከዚያው ላይና ታቹ እኩል ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ገልብጠህ ተቀመጥበት።