የልብ ሲቲ ስካን ባለሙያነት «ቁልፍ መጫን» ነው?

ጥያቄ፦ በራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተመርቄ በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ሲቲ ስካን ክፍል እሠራለሁ። ማዕከሉ የልብ ደም ቧንቧ ምርመራ ሊጀምር ነው። ጓደኞቼ ግን «ማሽኑ ሁሉንም ይሠራዋል፤ ቁልፍ መጫን ምን ሙያ አለው? ይልቅ ሶፍትዌር ተማሪ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁልፍ መጫኑስ በእርግጥ ሙያ አይደለም። ሙያው ያለው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ልብ ላይ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይታያል። ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ሳያቋርጥ እየተንቀሳቀሰ ነው የምታነሺው።

ታካሚው ደንግጦ ገብቶ የልብ ምቱ በደቂቃ 85 ነው እንበል። በዚህ ፍጥነት በተለይ የቀኙ ቧንቧ ይደበዝዛል። የልብ ምቱ ወደ 60 ገደማ ከወረደና ከተስተካከለ ግን ማሽኑ ልብ በምትረጋበት ቅጽበት ብቻ ጨረር እንዲለቅ ማድረግ ይቻላል፤ ካልሆነ የምቱን ዑደት በሙሉ ጨረር እየለቀቀ እንዲያነሣ ልትገደጂ ትችያለሽ። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ምት ማረጋጊያ መድኃኒት እስኪሠራ መጠበቅ፣ መድኃኒቱ አስምን ሊያባብስ ስለሚችል አስም እንዳለበት መጠየቅ፣ ትንፋሽ አያያዙን ደጋግሞ ማለማመድ ምስሉንም ጨረሩንም የሚወስን ሥራ ነው። ቧንቧ ማስፊያው ናይትሮግሊሰሪን ከመሰጠቱ በፊት ወንዶችን ስለ ቪያግራ መጠየቅም አለ፤ ሁለቱ አብረው የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። ታካሚው ሳያፍር እንዲመልስ አድርጎ መጠየቅ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ጥሩ ምስል እንዴት ታገኛለሽ?» ቢሉሽ «ጨረሩን እጨምራለሁ» እንዳትዪ። ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚያስመስለውን ጉድለት በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ዋጋው ውድ ነው። ቀጭን ታካሚ ላይ የጨረሩን ጉልበት የሚወስነውን ኤሌክትሪክ ከ120 ኪሎቮልት ወደ 100 ማውረድ ጨረሩን ሲቀንስ፣ ቧንቧው እንዲታይ ወደ ደሙ የተወጋውን አዮዲን ደግሞ ይበልጥ ያደምቀዋል። ሐኪሙ የሚፈልገው ቧንቧው መጥበብ አለመጥበቡን የሚያሳይ ምስል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ውበት በታካሚው ሒሳብ የሚከፈል ነው።

ማሽኑ ብቻውን አይወስንም የምልሽ በማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በ50 ማዕከላት በተደረገ ጥናት የአንድ ምርመራ መካከለኛ ጨረር 12 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነበር። በ2017 በ61 ሆስፒታሎች ሲጠና በ78 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ማንበብ የማይቻሉ ምስሎች ግን አልበዙም። ሆኖም በዚያው በ2017 ጥናት ዝቅተኛና ከፍተኛ ጨረር በሚጠቀሙት ሆስፒታሎች መካከል የነበረው ልዩነት 37 እጥፍ ደርሷል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ማሽኑ ነው፤ ብዙው ግን እንደ አንቺ ያለው ሰው የሚመርጠው አሠራር ነው።

እንግዲህ ምርመራው ሲጀመር መዝገብ ያዢ። የታካሚውን ስም ሳትጽፊ ክብደቱን፣ የልብ ምቱን፣ የመረጥሽውን ኪሎቮልትና ማሽኑ በመጨረሻ የሚያሳየውን የጨረር መጠን አስፍሪ። ምስሉን የሚያነበውን ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱንም «የትኛው ቧንቧ አልነበበም?» ብለሽ ጠይቂ፤ መጀመሪያ ሊሰለቹ ይችላሉ፣ አትተዪ። ማዕከሉ ፈቅዶልሽ ይህን በሠንጠረዥ አዘጋጅተሽ የምትቀርቢ አመልካች ከሆንሽ ከብዙ የምስክር ወረቀት ትበልጫለሽ።

ሶፍትዌሩን ከወደድሽው ማታ ማታ ተማሪው፤ ምስል የሚያጠሩ ፕሮግራሞችን የሚሠሩትም ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ውድ ሥልጠና ላይ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ፦ እውነተኛ ታካሚ ሲነሣ ከማሽኑ መቆጣጠሪያ ፊት ያስቀምጡሻል ወይስ ስላይድ ብቻ ነው የሚያሳዩሽ? ስላይድ ብቻ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ።