ድንጋዩን ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በቀያሽነት ነው የጨረስኩት። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለክቻለሁ። አሮጌ መቃብሮችን ልትመዘግቡ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ለአንድ የገጠር ደብር አጥር ልቀይስ ሄድኩ። ጥዱ ሥር ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ክምር አለ። ጽሑፍ የለው፣ መስቀል የለው። «ይነሳና ለመሠረቱ ይሁን» አልኩ። የቀን ሠራተኞቹ ሦስት አራት ድንጋይ እንዳነሱ አንዲት አሮጊት መጡ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው የተነሳውን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሱ። «እናቴ ናት፣ ልጄ» አሉኝ። ሜትሬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ክምሩን በደንብ ያየሁት። ርዝመቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። የእኛ ሰው ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ ተደርጎ ይቀበራል፤ በትንሣኤ ሲነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። ፊደል ባይኖረውም አቀማመጡ ይናገር ነበር። አጥሩን ወጣ አድርጌ አዞርኩት። የእናታቸውን ስም ግን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐውልት የሌለው ሁሉ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጣና ሐይቅ ላይ ባለው ገዳም፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈው በሣጥን ነው። ሴራሚክና ፎቶ ያለበት መቃብር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

በድንጋይ ክምሩና በሴራሚኩ መሃል ደግሞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጽሑፍ በምስማር የተጫረባቸው መቃብሮች አሉ። እነሱን በጣም እወዳቸዋለሁ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከሆነ አትሽሹ፤ ፲፱፻፴፭ ማለት 19 መቶ ከ35፣ 1935 ነው። የመጨረሻው ቁጥር ተፍቆ «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ካለ፣ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈውን ዓመት ፈልጉ። በሠላሳዎቹ ውስጥ 1931፣ 1935 እና 1939 ብቻ ናቸው።

ፎቶ የምታነሱት ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ የደበዘዘው ፊደል ይወጣል። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ግን በፍጹም! ድንጋዩን ይበላዋል። ከሁሉ በፊት ግን የደብሩን ሽማግሌ ይዛችሁ ዙሩ። «ይሄ የማን ነው?» በሉ፣ ስሙን እዚያው ጻፉ።

ደግሞ አሁን ሂዱ። ሐምሌ ከገባ ሣሩ ክምሩን ይውጠዋል።