ለገጣፎ እንግዳ ለምትጠብቂው እህት፦ ከሉሲ በፊት ሰዓቱን

ሰላም እህቴ። «የአክስቴ ልጅ ከውጭ እየመጣች ነው፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ስለ አዲስ አበባ የሚገርማትን ምን ልንገራት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙዎች ሉሲን ጽፈውልሻል። ሉሲን እሷም ታውቃታለች። ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ንገሪያት፤ የሚያስገርመውም፣ ገንዘብ የሚያስወጣውም እሱ ነው።

1. ሰዓት። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ከንጋት መቁጠራችን ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደው ለዚህ ነው። ትኬት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከ00 እስከ 06 ከሆነ 6 ደምሪ፣ ከ07 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሺ፣ ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ቀንሺ። 21:00 ማታ 3 ሰዓት ነው።

ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ጉድ የሚፈላው ቀኑ ላይ ነው። የመመለሻ ትኬቷ «ማክሰኞ 02:00» ይላል እንበል። ቤተሰቡ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ያነበዋል፤ ማክሰኞን ቡና ሲያፈላ፣ በርበሬና ሽሮ ሲያሽግ፣ ሻንጣ ሲመዝን ይውላል። ማታ 5 ሰዓት ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖታል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «ትናንት ሌሊት እኮ ነው የሄደው» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል፤ ሻንጣ ተደግፎ የቆመውን ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ይህ በጣም ያናድዳል፤ ሰው የተሳሳተው በቸልተኝነት አይደለም። በፈረንጁ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ እስኪነጋ የሰኞ ነው።

መድኃኒቱ «አጥቢያ» የሚለው ቃል ነው። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ካልሽ ማንም አይሳሳትም። ትኬቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ቦሌ» ብለሽ ጻፊ፤ በረራው ሊነሳ 3 ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። ከለገጣፎ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ስትቀበያትም ሒሳቡ ያው ነው።

2. ዓመተ ምሕረት። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። ቅጽ ስትሞላ የትኛው አቆጣጠር እንደተፈለገ አስቀድማ ትጠይቅ።

3. የሰፈር ስም። እዚህ ሰው የሚያገናኘው የቤት ቁጥር ሳይሆን የሰፈር ስም ነውና፣ ስሞቹን ብታውቅ ይጠቅማታል፤ ከታሪክ መጽሐፍም በላይ ይነግሯታል ባይ ነኝ። የእናንተው ለገጣፎ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፣ ለገዳዲም እንዲሁ። ለገሃር ግን ወንዝ የለበትም፤ ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ያመጣው ስም ነው። ስለዚህ ታክሲ ተራ ላይ «ለገ» የሚለውን ብቻ ሰምታ እንዳትገባ፤ አንዱ መሀል ከተማ ነው፣ ሌላው እናንተ ጋ። ካራንም ቢላዋ ብላ እንዳትተረጉመው፤ በኦሮምኛ በር ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ስም ነው። መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለትን አስተምሪያት፤ ዝም ካለች ሹፌሩ አይቆምላትም።

4. ከፍታ። እንጦጦን በመጀመሪያው ቀን አታውጫት። ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ 3,000 ያልፋል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ቀን ትረፍና ውጡ። እዚያ ስትደርሱ ዛፉን አሳያት፦ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፣ ያተረፈው ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ።

ማብሰል የምትወድ ከሆነችም ንገሪያት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንቁላሉም ፓስታውም እዚያ ከለመደችው ደቂቃ ይበልጣል፣ ሽምብራ ከሆነ ደግሞ ከማታው ዘፍዝፋ ትደር።